በመቀነት የታሰረች ንግሥት



ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የወር መዋጮ ሰብስበን ቡናው እስኪፈላ ስንጠብቅ፣ ከእናቶቻችን አንዷ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። መቀነታቸውን ፈቱና ከጨርቅ ቋጠሮ ውስጥ ሦስት ትልልቅ የብር ሳንቲሞች አወጡ። የቤታቸው ጣሪያ ያፈሳል፤ ቆርቆሮ መግዣ ቸግሯቸዋል። «ልጄ፣ አንቺ አሮጌ ገንዘብ ትሰበስቢያለሽ ሲሉ እሰማለሁ። አንጥረኛው ግማሹ መዳብ ነው ብሎ ዋጋ ነግሮኛል። ልሽጥለት ወይስ ይቅር?» አሉኝ።

«እማማ፣ አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አልኳቸው። ገንዘብ ያዣችሁ እንደመሆኔ ስለ ዛሬው ብር ብዙ ጊዜ ጽፌላችኋለሁ። ስለ ጥንቱ ብር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በዚያ ሳምንት ለእኚህ እናት ያዘጋጀሁትን መልስ ሌሎቻችሁም ብታነቡት ይጠቅማል ብዬ አስቤአለሁ፤ በየሣጥናችን ሥር ተመሳሳይ ቋጠሮ ያለን ጥቂቶች አይደለንምና።

ሦስቱም ሳንቲሞች አያቶቻችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር የሚሏቸው ናቸው። በአንድ ፊት ወፈር ያለች፣ ራሷን የተከናነበች ሴት፣ በሌላው ፊት ሁለት ራስ ያለው ንስር ይታያል። ሴትዮዋ ማሪያ ቴሬዛ ትባላለች። አባቷ ሲሞት እ.ኤ.አ. በ1740 የኦስትሪያን ዙፋን ወረሰች። ሴት እንዴት ትወርሳለች ብለው ጎረቤት ነገሥታት ጦር አንስተውባት ነበር፤ እሷ ግን አርባ ዓመት ገዛች፣ አሥራ ስድስት ልጆችም ወለደች። ራሷ ላይ ያለው ክንብንብ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1765 ከሞተ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ ሐዘን አልፈታችም፤ በሳንቲሙ ላይ የምናያት እንግዲህ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ይህን ስነግራቸው እማማ ሳንቲሟን አገላብጠው አዩና «እንደኔው ናታ!» አሉ።

በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ እቴጌይቱ ያረፈችበት ዓመት። በ1780 ተመታ ማለት ግን አይደለም። የቀይ ባሕር ነጋዴዎች ይህችን ሳንቲም ለምደው ሌላ አንቀበልም ስላሉ፣ የቪየና መምቻ ቤት እሷ ከሞተች በኋላም መልኳንና ዓመቱን ሳይለውጥ ማውጣቱን ቀጠለ። ሁሉም ላይ 1780 ስላለ በተጻፈው ዓመት ብቻ ዕድሜዋን ማወቅ አይቻልም። ጀማሪ ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ የሚታለሉትም እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው፣ ይኸው ተጽፏል» ይላቸዋል።

ወደ እኛ አገር የገባችው በነጋዴ እጅ ነው። በምጽዋና በሌሎቹ የባሕር በሮች በኩል ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ ሲወጣ ጠገራው ይገባል። ከአክሱም ዘመን በኋላ በደጋው አገር ከሺህ ዓመት በላይ ሳንቲም አልተመታም ነበር፤ ገበያው በአሞሌ ጨው፣ በጨርቅና በብረት ይካሄድ ነበር። አንድ ጠገራ 28 ግራም ይመዝናል። ሺህ ጠገራ ያለው ሰው እንግዲህ 28 ኪሎ ብር አለው ማለት ነው፤ በቅሎ ካልጫነ አይንቀሳቀስም። ለድሃዋ ሴት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነበር፤ አንዱ ጠገራ ለበርበሬና ለጨው መግዣ እጅግ ይበዛል፣ ዝርዝርም የለም። ስለዚህ ጠገራው ለከብት፣ ለግብርና ለጥሎሽ ሲሆን፣ የጓዳው ወጪ ግን በአሞሌና በእህል ልውውጥ ቀጠለ። የገበያው ታሪክ ሲጻፍ ነጋዴውና መኳንንቱ ይጠቀሳሉ፤ አሞሌ ሰብራ ዝርዝር የምትሰጠዋ ሴት ግን እምብዛም አትነሣም።

ሕዝቡ ሳንቲሙን ሲቀበል ዝም ብሎ አልነበረም። በእቴጌይቱ ዘውድና በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ያሉትን ዕንቁዎች በጣቱ እየቆጠረ፣ ፊቷ ያለቀውን አልቀበልም ይል እንደነበር የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። አንዳንዶቹ እንደ ሞኝነት ቆጥረውት ነበር። እኔ ግን ብልህነት ነው እላለሁ፤ ባንክ በሌለበት አገር ራስን ከሐሰተኛ ብር የመጠበቂያው መንገድ ዓይንና ጣት ብቻ ነበርና። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ለመቅደላ ዘመቻ ሲመጡ የራሳቸው ፓውንድ እንደማይሠራ ስላወቁ፣ የስንቅና የአጋሰስ ዋጋ ለመክፈል ማርትሬዛ ከቪየና አስመትተው ይዘው መጥተዋል።

ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን መልክና አንበሳ ያለበትን ብር በፓሪስ ያስመቱት በ1887 ዓ.ም. ነው። ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ፣ ሥራውም እጅግ ያማረ ነበር። ሆኖም ገበያው ወዲያው አልለመደውም፤ የንጉሠ ነገሥቱ ብር ወጥቶም የባዕዷ እቴጌ ብር መግዛቱን ቀጠለ። ሙሶሊኒም አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ ይህን አውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የመምቻ ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮም ማርትሬዛ ማስመታት ጀመረ። ከዚያ በኋላ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይም ተመታ። ስለዚህ በእማማ ቋጠሮ ውስጥ ካሉት ሦስቱ አንዷ ከቪየና፣ ሌላዋ ከሮም ወይም ከቦምቤይ ልትሆን ትችላለች። አዋቂዎች በንስሩ የጅራት ላባዎችና በእቴጌይቱ የትከሻ ጌጥ ይለዩአቸዋል፤ እኔ ገና እየተማርኩ ነኝ።

ከነፃነት በኋላ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ፤ ጠገራውም ከገበያ መውጣት ጀመረ። የት ገባ? ከፊሉ ወደ ባንክ፣ ከፊሉ ወደ ውጭ፣ ከፊሉ ደግሞ ወደ አንጥረኛው ከውር። ጠገራ እየቀለጠ መስቀል፣ አልቦ፣ አምባርና ድሪ መሆኑ ከዚያም በፊት የቆየ ልማድ ነው። ሴቷ በአንገቷና በእግሯ ያጠለቀችው ለበዓል ጌጧ፣ ለክፉ ቀን ደግሞ ተቀማጭ ገንዘቧ ነበር። ባል ሳያማክራት የማይሸጥ ንብረት ቢኖራት እሱ ነበር ሲሉ ከአንድ በላይ አሮጊቶች ነግረውኛል።

ከእማማ ሳንቲሞች አንዷ ላይ ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶበታል። የሰብሳቢዎች መጽሐፍ እንዲህ ያለውን «የተበላሸ» ይለዋል፤ ዋጋውም ይወርዳል። በዚህ ከመጻሕፍቱ ጋር አልስማማም። ቀለበት የሌለባት ማርትሬዛ በቪየናም በሙስካትም ትገኛለች። ቀለበት ያለባት ግን የአንዲት ሴት አንገት ላይ እንደነበረች ራሷ ትመሰክራለች።

የራሴንም ጥፋት ልንገራችሁ። መሰብሰብ የጀመርኩት ከአያቴ በወረስኳት አንዲት የምኒልክ አላድ ነው፤ አላድ ማለት ግማሽ ብር ነው። ጠቁራ ስላየኋት በአመድና በሎሚ ፈትጌ እንደ መስተዋት አበራኋት። ደስ ብሎኝ ለአንድ አዋቂ ባሳየው፣ በማጉያ መነጽር አየና አንገቱን ነቀነቀ። አመዱ የአንበሳውን ጋማ ጭሮታል፤ ያ ጥቁረትም ቆሻሻ ሳይሆን ብር በዘመን ብዛት የሚለብሰው ልብስ ነበር። ምንም ማጠቢያ አይመልሰውም። እባካችሁ አትፈትጉ። በጠርዙ ያዙት፣ ለየብቻው በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉት፣ እርጥበት ከሌለበት አኑሩት። በላስቲክ ከረጢት አታፍኑት።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ደግሞ ከባድ መሣሪያ አያስፈልግም። የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ስታስቀምጡት ካልተበላ 28 ግራም ገደማ ሊሆን ይገባል። ማግኔት አይስበውም። ጠርዙን ብታዞሩት «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ጎልቶ ይታያል፤ የእቴጌይቱ መሪ ቃል ነው፣ ማንም ጠርዙን ፍቆ ብር እንዳይሰርቅም ይጠብቅ ነበር። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጠርዝ ላይ ይጋለጣል።

በውጭ አገር ካሉ ደጋፊዎቻችን አንዷ ባለፈው ዓመት ለመታሰቢያ የአክሱም ሳንቲም እንድገዛላት ጠይቃኝ ነበር። አልገዛሁም፤ ምክንያቱን እዚህ ልንገራት። ጠገራ ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ነው፤ የአክሱም ሳንቲም ግን ከመሬት የሚወጣ ነው። አክሱም አካባቢ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው፣ ገበሬም ሲያርስ ይገኛል። ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ፣ ይኸውም ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ የአክሱም ነገሥታት በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም አስመትተዋል። የንጉሡን ራስ ግራና ቀኝ የእህል ዛላ ይከበዋል። የንጉሥ ኢዛና የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ላይ ጨረቃና ክብ፣ የኋለኞቹ ላይ ግን መስቀል አለ፤ የአገሪቱ ሃይማኖት ሲለወጥ በእጅ መዳፍ በምትያዝ ሳንቲም ላይ ይታያል ማለት ነው። በኋላ ከወጡት የነሐስ ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ጽሑፍ አለ።

ይህ ሁሉ የታወቀው ሳንቲሞቹ የት ቦታ፣ ከምን ጋር እንደተገኙ ስለተመዘገበ ጭምር ነው። አንድ ልጅ ከእርሻ ላይ አንሥቶ ለጎብኚ ሲሸጠው ያ ምዝገባ ይጠፋል። የቅርስ አዋጃችን፣ ቁጥር 209/1992፣ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት አካል እንዲነገር ያዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። የአክሱም ሳንቲም ሲያምረኝ አዲስ አበባ ስሄድ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ገብቼ አይቼ እመለሳለሁ። ደጋፊያችን እንደማትቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ እማማ ልመለስ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሚዛን ካለው ጎረቤት ጋር ሆነን ሦስቱንም መዘንን፣ ጠርዛቸውን አየን፤ እውነተኛ ናቸው። ማርትሬዛ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ሦስቱ አንድ ላይ 70 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አላቸው። በአንጥረኛው ስሌት፣ «ግማሹ መዳብ» ከሆነ፣ 42 ግራም ብቻ ነው የሚከፈላቸው። ልዩነቱ 28 ግራም ነው፤ ልክ የአንድ ሙሉ ጠገራ ክብደት። በሌላ በኩል ደግሞ እውነቱን ነገርኳቸው፦ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ሀብት አያደርጉም፤ ተራዎቹ ከብራቸው ዋጋ ጥቂት ቢበልጡ ነው።

አብሬያቸው ወደ አንጥረኛው ሄድኩ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሳሳየው ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ «እሺ፣ አዋቂ ይዘው መጥተዋላ» ብሎ ሒሳቡን አስተካከለ። እማማ ሁለቱን ሸጡ። ገንዘቡ ለጣሪያው ሁሉ አልበቃም፣ በጣም የሚያፈሰውን ወገን ግን አለበሰው።

ቀለበት ያለባትን አልሸጧትም። እናታቸው ለሠርጋቸው ቀን በአንገታቸው ያሰሯት ናት፤ እናታቸውም ከእናታቸው ነው ያገኟት። የእቴጌይቱ ጉንጭ ከደረት ጋር በመፋተግ ተልጓል። እየነገሩኝ ጻፍኩት፦ የማን እንደነበረች፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በማን ሠርግ። ሲያልቅ «እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው፤ የአያታቸውን ስም አንድ ፊደል አረሙኝ። ከዚያ ሳንቲሟን በወረቀቷ ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ መልሰው ቋጠሯት።