የትራክተርና የመሣሪያዋ ጥምድ

 

ሁለት በሬ ሲጠመድ ምን ይታያል? አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር ከሆነ ቀንበሩ ይዘማል። አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ለጋሚ ከሆነ ትልሙ ይጣመማል። ገበሬ ይህን ከአባቱ የተማረው ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ዓይነት ጥምድ ነው። ስለ ትንሽ የናፍጣ ትራክተርና በሞተሯ ስለምታሽከረክረው መሣሪያ ነው። ሣር ማጨጃ አለ፤ አፈር መፍጫ አለ፤ ቁጥቋጦ መቁረጫ አለ። እነዚህ ከትራክተሯ ጋር እንዲስማሙ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ሳይስማሙ በቀሩበት ቦታ ደግሞ የሰው እጅ ተቆርጧል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጎማው ነው። ድሮ በአሜሪካና በአውሮፓ ስንዴ የሚያጭደው መሣሪያ ጉልበቱን የሚያገኘው ከራሱ እግር ነበር። ፈረስ ይጎትተዋል፤ ትልቁ የብረት እግሩ መሬት ላይ ሲሽከረከር ቢላዋውን ያንቀሳቅሳል። መሬቱ ደረቅ ሲሆን ጥሩ ነው። ዝናብ ሲዘንብስ? እግሩ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ አይዞርም። እግሩ ካልዞረ ቢላዋው ይቆማል። እህሉ ደርሷል፤ ማሽኑ ግን አያጭድም። ሞተር ያለው ትራክተር ከመጣ በኋላም ችግሩ አልቀረም። ትራክተሩ እንደ ፈረሱ ይጎትት ነበር እንጂ የሞተሩን ጉልበት ለመሣሪያው አያካፍልም። ለመውቂያ ሲሆን በቺንጋ ይሰጣል፤ ይህ ግን አንድ ቦታ ቆሞ ነው። እየሄዱ ቺንጋ መዘርጋት አይቻልም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ገደማ አልበርት ጉዢ የሚባል ፈረንሳዊ አንድ ነገር አሰበ። ከትራክተሩ ሞተር ወደ ኋላ ዘንግ አወጣ። በዘንጉም ማጨጃውን አሽከረከረ። ኤድዋርድ ጆንስተን የሚባል የኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ኩባንያ መሐንዲስ ይህን ፈረንሳይ ውስጥ አየ። ዓመታት አለፉና በ1918 ኩባንያው 8-16 በሚባለው ትራክተሩ ላይ ያንን ዘንግ አድርጎ ለገበያ አቀረበ። 8-16 ማለት ምን ማለት ነው ትሉ ይሆናል። ሲጎትት 8 የፈረስ ጉልበት፣ በቺንጋ ሲያሽከረክር 16 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። እስቲ ልብ በሉ፤ በመጎተት ግማሹ ጉልበት ይባክን ነበር። ኃይል ማውጫ ዘንጉ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ዘንጉ ከወጣ በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ። የአንዱ ፋብሪካ ዘንግ ከሌላው ፋብሪካ መሣሪያ ጋር አይገጥምም። የአንዱ ይፈጥናል፤ የሌላው ይዘገያል። ስለዚህ በ1920ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ የእርሻ መሐንዲሶች ማኅበር አንድ ልክ አወጣ። ዘንጉ በደቂቃ 536 ጊዜ ይዙር ተባለ። ኋላም 540 ሆነ። ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ አለ። 540 በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 9 ጊዜ መዞር ነው። አንድ፣ ብላችሁ ሳትጨርሱ ዘጠኝ ጊዜ ዞሯል።

በዚያን ጊዜ ሌላም ጉድ ነበር። ነጂው ፍሪሲዮን ሲረግጥ ትራክተሩም መሣሪያውም አብረው ይቆማሉ። ሣሩ ሲጠናበት ትራክተሩን ገታ አድርጎ ቢላዋውን ማሠራት አይችልም። የባሰም አለ። ከባድ ቢላዋ አንዴ ከፈጠነ በራሱ ክብደት መዞሩን ይቀጥላል፤ ዘንጉንም በተራው ይዞ ትራክተሩን ወደፊት ይገፋል። ሰውዬው ፍሪሲዮን ረግጦ ቆምኩ ሲል ትራክተሩ ወደ ቦዩ ይወስደዋል። በሬው ጌታውን ነዳው እንደማለት ነው። በ1940ዎቹ ኮክሹት የሚባለው የካናዳ ፋብሪካ ዘንጉን ከጎማው ጉዞ የለየ ትራክተር አወጣ። ከዚያ በኋላ ጎማ ቆሞ መሣሪያ መሥራት ቻለ።

ትራክተሮች እየገዘፉ ሲሄዱ 540 አልበቃ አለ። ብዙ ጉልበት በዝግታ በሚዞር ቀጭን ዘንግ ውስጥ ሲያልፍ ዘንጉን ይጠመዝዘዋል። ዘንጉ ሲፈጥን ግን ያው ጉልበት ያለ ብዙ ጥምዘዛ ያልፋል። ስለዚህ በ1950ዎቹ መጨረሻ 1000 የሚዞር ሁለተኛ ልክ ተጨመረ። እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ ብልሃት ሠሩ። የ540ው ዘንግ 6 ጥርስ አለው። የ1000ው 21 ጥርስ አለው። አንዱ በሌላው ውስጥ አይገባም። ለምን? ለ540 የተሠራ ቢላዋ በ1000 ቢዞር ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ብረቱ ይፈነጠራል። ሁለቱን የሚያገናኝ ማስተካከያ ብረት ገዝቶ ጥርሱን የሚያታልል ሰው ግን አልጠፋም።

አሁን ወደ ትንሿ ትራክተር እንምጣ። የናፍጣ ሞተር መጀመሪያ ላይ ትንሽ አልነበረም። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 በጀርመን አገር ያሳየው ሞተር ከሰው ቁመት በላይ ነበር። ለትንሽ እርሻ የሚሆን አነስተኛ የናፍጣ ሞተር በ1933 ያወጣው የጃፓኑ ያንማር ነው። የጃፓን ገበሬ የሩዝ ማሳው ጠባብ ነው፤ ጭቃም ነው። የሚያስፈልገው ትንሽ፣ ቀላል፣ ጭቃውን የሚፈጭ ነገር ነበር። በኋላ እነዚህ ትራክተሮች ባሕር ተሻገሩ። ኩቦታ በ1969 ኤል 200 የተባለችውን ባለ 21 የፈረስ ጉልበት ትራክተር አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ጀመረ። እዚያ የገዟት ሰዎች ሩዝ አይዘሩም። ጓሮአቸውን ያጭዳሉ፤ አትክልት ቦታ ያርሳሉ፤ በክረምት በረዶ ይጠርጋሉ። በኋላ ለወጡት ትንንሽ ትራክተሮች ከሆዳቸው ሥር ሌላ ዘንግ ተጨመረላቸው፤ እሱ ደግሞ በደቂቃ 2000 ገደማ ይዞራል። ከሆዷ ሥር ለሚንጠለጠል ሣር ማጨጃ ነው። ልብ በሉ፤ በአንዲት ትንሽ ትራክተር ላይ ሁለት ዘንግ፣ ሁለት ፍጥነት ማለት ነው። የኋላውን መሣሪያ ለሆዱ ዘንግ፣ የሆዱን ለኋላው መስጠት አይቻልም።

ፍጥነቱ ገጥሞ ጉልበቱ ላይገጥም ይችላል። ሞተሩ 21 ካለው ወደ ዘንጉ የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ጥቂቱ በጊሩና በፓምፑ ይቀራል። አሜሪካውያን ገበሬዎች ለቁጥቋጦ መቁረጫ አንድ የግምት ስሌት አላቸው። ለ30 ሳንቲ ሜትር ስፋት 5 የፈረስ ጉልበት ይላሉ። 120 ሳንቲ ሜትር የሚቆርጥ መሣሪያ እንግዲህ 20 ይፈልጋል። ባለ 21ዋ ትራክተር ዘንጓ ላይ ይህ አይተርፋትም። ለስለስ ያለ ሣር ከሆነ ትወጣዋለች፤ ቁጥቋጦ ሲገጥማት ግን ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ድምፅዋ ይወርዳል። ከጠባቡ መሣሪያ ጋር ሁለት ጊዜ መመላለስ ይሻላታል። ክብደቱም አለ። ከኋላ ከባድ መሣሪያ ሲነሳ የፊት ጎማዋ ከመሬት ይለቃል፤ መሪው አይታዘዝም።

በዘንጉና በመሣሪያው መካከል ደግሞ አንድ ቡሎን አለ። ሆን ተብሎ ደካማ የሆነ ቡሎን ነው። ቢላዋው ድንጋይ ሲመታ ቡሎኑ ይሰበራል፤ ካምቢዮው ይተርፋል። ቶሎ ቶሎ ሲሰበርበት የተናደደ ሰው ጠንካራ ቡሎን ያስገባል። በሚቀጥለው ድንጋይ የሚሰበረው ካምቢዮው ነው። ዋጋውን ማነጻጸር ለእናንተ ልተው።

ስለ እጅ የተናገርኩትን አልረሳሁም። የ540ው ዘንግ ውፍረቱ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዙሪያው 11 ሳንቲ ሜትር ነው። በሴኮንድ 9 ጊዜ ሲዞር አንድ ሜትር ያህል ጨርቅ ይጠቀልላል። የነጠላ ጫፍ፣ የጋቢ ጫፍ፣ የሸሚዝ እጅጌ በቂው ነው። ሰው ደንግጦ እጁን ለመሳብ ከሚፈጅበት ጊዜ በፊት ጨርቁ አልቆ ክንዱ ይደርሳል። በዘንጉ ላይ የሚደረገው መሸፈኛ የመጣው ብዙ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። መሸፈኛው ሲሰነጠቅ አውልቆ መጣል በብዙ አገር ያለ ልማድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ ያገለገሉ ትንንሽ ትራክተሮች በብዛት ወደ አሜሪካ ይገቡ ነበር። ርካሽ ናቸው፤ ሞተራቸውም ጠንካራ ነው። ኩቦታ ተቃወመ። ጉዳዩ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ዘንድ ቀረበ፤ በ1997 ኮሚሽኑ ወሰነ፤ በ1999 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። እነዚያ ትራክተሮች ለአሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ይለያሉ ተባለ። ከተቆጠሩት ልዩነቶች መካከል የኃይል ማውጫ ዘንጉ ፍጥነት ነበረበት። ሌላው ደግሞ ጽሑፉ ነው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው በጃፓንኛ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቶ የጨረሰ አሜሪካዊ ገበሬ፣ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው፣ በገዛ ትራክተሩ ፊት ፊደል ያልቆጠረ ሆነ።

የእነዚህ ትራክተሮች ዘንግ ባለ 6 ጥርስ ነው፤ ግን አንዳንዶቹ ሦስትና አራት ፍጥነት ይሰጣሉ። ከፍተኛው ከ540 ይበልጣል። እንግዲህ ጥርስ መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ከማርሹ አጠገብ ያለችውን ሳህን ፈልጉ። በመሣሪያው ላይም ሌላ ሳህን አለ። ሁለቱም ላይ ቁጥር ተጽፏል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ኪሳችሁ ገብቶ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አንብቡ።