ብግነት

«አበገነኝ» የምንለው ውስጥ ውስጡን ላቃጠለን ሰው ነው። «ብግነት» የወጣው ከዚሁ «በገነ» ነው፤ ሐኪሞች ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠውን ምላሽ በዚህ ቃል መጥራታቸው ደስ ይለኛል። እሾህ የወጋው ጣት ሲመረቅዝ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። በነቀምቴ «ዹኩበ ሱካራ» የሚባለው የስኳር በሽታ ዓይን ውስጥ የሚያስነሣው ብግነት ግን ድምፅ የለውም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የሬቲናን (የዓይን ውስጠኛ ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበግናል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ግድግዳቸው ላይ ይለጠፋሉ፣ ሥሮቹ ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ የሬቲናው መሃል ያብጣል። ያን ጊዜ ቀጥ ያለው የጽሑፍ መስመር ተጣሞ ይታያል። እስከዚያ ሕመምም መቅላትም የለም።

በነቀምቴ የባኬ ጃማ ወገኖቼ፣ ስኳር ካለባችሁ አጥርታችሁ እያያችሁም ቢሆን በየዓመቱ ዓይናችሁን ተመርመሩ።