የተረሳ ቀለም ወዴት ይሄዳል?

የማሠልጠኛ ወይም የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ የጄኔራል ሳይኮሎጂን የመጀመሪያ ሳምንት ያውቀዋል። ቪልሄልም ቩንት በ1879 በላይፕዚግ ላቦራቶሪ አቋቋመ፤ ሳይኮሎጂም ከፍልስፍና ተለይቶ ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆነ ይባላል (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ለፈተና እንሸመድደዋለን፤ ከፈተናው ማግሥት ይጠፋናል። ስለዚሁ መጥፋት የመረመረው ሰው ግን ላይፕዚግ አልነበረም።

ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1850 በጀርመን አገር ባርመን በተባለች ከተማ ተወለደ። ተማሪ ሳለ በ1870 ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሲነሣ ትምህርቱን አቋርጦ ዘመተ። (ተማሪን ከገበታው አንሥቶ ማዝመት በእኛ በ1967 ዓ.ም. አልተጀመረም ማለት ነው።) ከጦሩ ተመልሶ በ1873 በቦን የዶክትሬት ማዕረጉን ያዘ፤ ከዚያም በእንግሊዝና በፈረንሳይ እያስተማረ ኖረ። ሙከራውን በ1879 ሲጀምር ላቦራቶሪ የለው፣ ረዳት የለው፣ የዩኒቨርሲቲ ወንበር የለው። መርማሪውም ተመርማሪውም እሱው ራሱ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። የሚታወቅ ቃል ከሆነ ትርጉሙ ያግዛል፤ ስለዚህ በሁለት ተነባቢ መካከል አናባቢ እያስገባ ወደ 2,300 የሚሆኑ ትርጉም የለሽ ቀለሞች አዘጋጀ፤ በእኛ አፍ «ኔቅ፣ ዙፕ፣ ቦሽ» እንደ ማለት። እነዚህን 13፣ 13 እየደረደረ፣ በሰዓት ምት እኩል እያነበበ፣ ሳይሳሳት እስኪወጣው ደጋገመ፤ የፈጀበትንም ጊዜ መዘገበ። ቆይቶ ያንኑ እንደገና ተማረው።

ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። «ምን ያህል ታስታውሳለህ?» ብሎ ራሱን አልጠየቀም። «እንደገና ስማረው ምን ያህል ጊዜ ተረፈልኝ?» አለ እንጂ። መጀመሪያ 20 ደቂቃ የፈጀ ትምህርት ሲደገም በ13 ደቂቃ ካለቀ፣ ያ የተረፈው 7 ደቂቃ በአእምሮ ውስጥ የቀረውን ይለካል፤ ሰውየው ከመድገሙ በፊት አንዲት ቀለም ከአፉ ማውጣት ቢያቅተውም እንኳ።

በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ እንዳሰፈረው ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34፣ ከ6 ቀን በኋላ 25፣ ከ31 ቀን በኋላ ደግሞ 21 በመቶ ያህል ተርፎለታል። ብዙ መምህር ይህን ሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው «ካላጠናችሁ ይጠፋል» ብሎ ተማሪን ለማስፈራራት ነው። የእኔ ዓይን የሚያርፈው ግን በመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ላይ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ከግማሽ በላይ በነነ፤ ከ6ኛው እስከ 31ኛው ቀን የጠፋው ግን 4 በመቶ ብቻ። መርሳት መጀመሪያ ይጋልባል፣ ኋላ ያነክሳል። በ2015 በአምስተርዳም አንድ ሰው 70 ሰዓት ደክሞ ሙከራው ቢደገም ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኗል።

ነቃፊ አልታጣለትም። የኬምብሪጁ ባርትሌት በ1932 በጻፈው፣ ሰው ታሪክን ሲያስታውስ እንደ ባህሉ አድርጎ እንደገና ይሠራዋል እንጂ እንደ ዕቃ አያስቀምጠውም አለ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ኤቢንግሃውስም የትርጉምን ኃይል አልሳተውም፤ የባይረንን ግጥም ለመያዝ የጠየቀው ድካም ለትርጉም የለሹ ከሚያስፈልገው አንድ አሥረኛ ያህል እንደሆነ ራሱ ጽፏል። ደግሞም 12 ቀለም በአንድ ቀን 68 ጊዜ ከመድገም፣ በሦስት ቀን ከፋፍሎ 38 ጊዜ መድገም እኩል ውጤት ሰጠው። ይህንንስ የቆሎ ተማሪ ያለ ቁጥር ያውቀዋል፤ የትናንቱን ሳይቀጽል የዛሬውን አይቀበልም።

ይህ ሁሉ ከእኛ ድንኳን የሚገባው በምዝገባ ቀን ነው። አምስተኛ ክፍል ደርሶ በስደት ምክንያት ሦስት ዓመት ያለ ትምህርት የቆየ ልጅ ይመጣል። «ክፍልፋይ ደምር» ይባላል፤ ይደነግጣል። «ረስቷል» ተብሎ ከታናናሾቹ ጋር አንደኛ ክፍል ይቀመጣል፤ ጥቂት ሰንብቶም አፍሮ ይቀራል። በኤቢንግሃውስ መለኪያ ከሄድን ያ ጥያቄ የልጁን ዕውቀት አልለካም። ክፍልፋይን ሁለት ሳምንት አስተምሮ፣ ልጁ ከጀማሪው ምን ያህል ቀድሞ እንደሚገባው አይቶ መመደብ ይቻላል። ለዚህ ጠመኔና ትዕግሥት እንጂ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

የሦስት ዓመት ክፍተት የበዛ የሚመስለው ቢኖር፣ አሜሪካዊው ሃሪ ባሪክ በ1984 ያወጣውን ጥናት ይመልከት። ስፓኒሽ በትምህርት ቤት ተምረው እስከ 50 ዓመት የቆዩ ከ700 በላይ ሰዎችን ፈተነ። ዕውቀታቸው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ቀንሷል፤ ከዚያ የተረፈው ግን ሩብ ምዕተ ዓመትና ከዚያም በላይ እምብዛም ሳይነቃነቅ ቆይቷል፤ አጥብቀው ለተማሩትማ ይበልጡን።

ኤቢንግሃውስ ራሱም ያንን የባይረን ግጥም ለ22 ዓመት ትቶት ቆይቶ እንደገና ለመማር ተቀመጠ። የቀድሞዎቹን ስንኞች፣ አይቷቸው ከማያውቃቸው ስንኞች ባነሰ ጊዜ ያዛቸው።