ከአቴና ነገዶች እስከ ሪራ ቀበሌ

«የማን ልጅ ነህ?» እና «የየት ሰው ነህ?» የትውውቅ ጥያቄዎች ይመስሉናል። ሆኖም መንግሥት ሕዝቡን ሲመዘግብ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚጠይቅ ከመረመርን፣ ነገሩ የሥልጣን ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

የጥንት አቴናውያን በአራት የትውልድ ነገዶች ይቆጠሩ ነበር። ታላላቅ ቤተሰቦችም ተከታዮቻቸውን እያሰለፉ ለሥልጣን ይሻኮቱ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ገደማ፣ እሱ ራሱ የታላቅ ቤተሰብ ልጅ የነበረው ክሌይስቴኒስ ቆጠራውን ለወጠው። መሠረቱን ዴሞስ አደረገ፤ በእኛ አነጋገር ቀበሌ ብንለው ይቀርባል። 139 ያህል ዴሞሶች በ10 አዳዲስ ነገዶች ተደለደሉ። እያንዳንዱ ነገድ ከከተማው፣ ከባሕሩ ዳርና ከመሀል አገሩ ክፍል ነበረው። ዓሣ አጥማጁና ገበሬው በአንድ ነገድ ሥር ዘመቱ፤ ከየነገዱ 50 ሰው ተውጣጥቶም 500 አባላት ያሉት ሸንጎ ቆመ። ሴቶች፣ ባሮችና መጻተኞች ግን ከደጅ ቀሩ።

ወደ ባሌ እንምጣ። የአርሲ ኦሮሞ በትውልድ ሲቆጠር አምስቱ ሲኮ፣ ሰባቱ መንዶ ይባላል። በገዳ ሥርዓት ደግሞ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። በ1967 ዓ.ም. ሌላ ቆጠራ መጣ። በየካቲቱ የመሬት አዋጅ ገበሬው ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለትም 20 ጋሻ፣ በሚሸፍን ማኅበር ተደራጀ፤ በሐምሌ ደግሞ እንደ ጎባና ሮቤ ያሉ ከተሞች ነዋሪ በቀበሌ ተመዘገበ። ሲኮውም መንዶውም በአንድ መዝገብ ገባ።

ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? አቴናዊው ቤቱን ቢለውጥም የአባቱን ዴሞስ ይዞ ይቀራል፤ የሪራ ሰው ግን ጎባ ሲገባ ቀበሌው ይለወጣል፣ ጎሳው አብሮት ይሄዳል። ይህ ትንሹ ልዩነት ነው። ትልቁ ሌላ ነው። የአቴና ዴሞስ ወደ ላይ የሚናገርበት ወንበር ነበረው። የእኛ ማኅበራት መሪዎቻቸውን መርጠው፣ የፍርድ ሸንጎ አቁመው ጀመሩ፤ ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ የእህል ኮታ አስረካቢ፣ ከ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በኋላም ምልምል አቅራቢ ሆኑ። ትእዛዝ ከላይ ወረደ እንጂ ቃል ከታች አልወጣም።

እንግዲህ ሰውን ከጎሳው አውጥቶ በሰፈሩ መቁጠር ብቻውን ዜጋ አያደርገውም። የተከፋፈለው ሕዝብ ተመልሶ አንድ ሸንጎ ላይ ካልተቀመጠ፣ አዲሱ መዝገብ ለአዛዡ ማመቻቻ እንጂ ለተመዝጋቢው ምኑም አይደለም።