በቅኔ ቤት ልብ መግዛት

ቀድሞ በጎጃምና በወሎ አንድ ልጅ ንባቡን አቅንቶ ዳዊት ከደገመ በኋላ፥ ወላጆቹ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ሲሹት፥ እርሱ ግን ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ አንዳንዴም ሳይሰናበት በሌሊት ጠፍቶ፥ ቅኔ ቤት ፍለጋ ይወጣ ነበር። የሚሄድበትን አገርና የሚማርበትን መምህር የሚመርጠው ራሱ ነበር፤ ዋሸራ፥ ጎንጅና ዋድላ የተባሉት የቅኔ ቤቶች በስልታቸው የተለያዩ ስለ ነበሩም፥ በአንዱ ያልረካ ተማሪ ወደ ሌላው ቢሻገር ነውር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ልጁን ልብ ያስገዛው፥ ማለት በራሱ አስቦ መፍረድን ያስተማረው፥ የስደቱ መከራ ነው የሚሉትን አልቀበልም፤ መከራማ ስንቱን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን የዋለ ሕፃን በራብና በተስቦ ከሰው ደጅ አስቀርቷልና ሊሞገስ አይገባውም። ምስጢሩ ያለው በትምህርቱ ሥርዐት ነው።

የኔታ የግእዙን ግስና አገባብ አስረድተው፥ የዕለቱን ቅኔ ዘርፈው፥ ሰሙን፥ ማለት የላዩን ትርጉም፥ ከወርቁ፥ ማለት ከተሰወረው ምስጢር፥ ለይተው ካሳዩ በኋላ ዝም ይላሉ። ልጁም ወደ ዱር ገለል ብሎ፥ ደበሎውን ተከናንቦ፥ ባለ 2 ቤቱን (ስንኙን) ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፥ ማለት በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዓመታት በኋላም ባለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ሰሙን ከአራሽ ሞፈር ያምጣው ወይስ ከጦር ሜዳ፥ ወርቁ ከኦሪት ይሁን ወይስ ከወንጌል፥ የመረጠው ግስ ሁለቱን ይሸከም እንደ ሆነ፥ መርማሪውም ፈራጁም እርሱ ብቻ ነው። ከባልንጀራ መበደር የለም፤ የትናንቱን መድገምም የለም፥ ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ሆኖ ካልተወለደ ቅኔ አይባልምና። ትምህርታችን ሁሉ የቃል ድገማ ነበር የሚሉ የዘመኑ ሊቃውንት፥ ቅኔ ቤትን ከንባብ ቤት ጋር አንድ አድርገው መቁጠራቸው እጅግ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ነገራው ይመጣል። ልጁ የቆጠረውን በጓደኞቹ ፊት ሲናገር፥ የኔታ የተሰበረውን ቤት ይዘው ያቆሙታል፤ ስሕተቱን ነቅፈው ብቻ አይለቁትም፥ ግሱ ስለ ምን ወርቁን እንደ ከዳው፥ አገባቡ በየት እንደ ላላ ይፈቱለታል እንጂ። የ12 ዓመት ልጅ፥ የፈረደው ፍርድ በአደባባይ ሲመዘን፥ ምክንያቱንም ሲሰማ ይውላል፤ በማግስቱም ተመልሶ ይፈርዳል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው የማስተማር ጥበብ በሌላ ስፍራ አላየሁም።

ይህ ዕድል ከሞላ ጎደል ለወንዶች ልጆች ብቻ ተወስኖ መኖሩ ግን ከባድ ጉድለት ነው። ዕድሉን ያገኘች ሴት ምን ልታደርግ እንደምትችል የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሳያሉ፤ በልጅነታቸው ዐይናቸው ቢታወርም፥ የቅኔ መምህር የነበሩት አባታቸው ወንድ ሴት ሳይሉ አስተማሯቸው፤ ኋላም የአባታቸውን ወንበር ወርሰው፥ የተማሪዎቹን ፊት ሳያዩ፥ የእያንዳንዱን ቅኔ በጆሯቸው እየመዘኑ ያርሙ ነበር።