ጣርማ በር ላይ የፈላ ሞተር

ብርድ አገር ሞተር ይፈላል? ከሸዋ ሮቢት ወደ መሀል ሜዳ ስሄድ ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ደብረ ሲናን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ከሚኒባሱ ኮፈን ሥር እንፋሎት ተነሳ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ወሸቀ። ውጪው ጉም ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ሞተሩ ግን እንደ ጀበና ይንተከተካል።

እናላችሁ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወዲያው መካኒክ ሆነ። "ጋሼ፣ ክዳኑን ይክፈቱት!" አለ አንዱ። "ውሃ ይድፉበት እንጂ፣ ሊመሽብን ነው!" አለች ሌላዋ። ሾፌሩ ስድሳ ዓመት የተሻገሩ ሰው ናቸው። "አሁን ብከፍተው እኔን ይጠብሰኛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብደፋበት ደግሞ ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። ተቀመጡ" አሉና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

አርባ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። እኔም የጋዜጠኛ ነገር ሆኖብኝ አጠገባቸው ተቀምጬ የሚሉትን መጻፍ ጀመርኩ። ታኮ፣ ቺንጋ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን ማኖ… ማስታወሻዬን መልሼ ሳነበው ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። እነዚህ ቃላት እዚህ ዳገት ላይ ምን ያደርጋሉ?

ነገሩ ወደ 1928 ዓ.ም. ይወስደናል። በዚያ ዓመት ሚያዝያ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ጣርማ በር ሲደርስ ግን መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። ያ ሁሉ መኪና መንገዱ እስኪጠገን ቆመ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ጣሊያን ከዚያ በኋላ ተራራውን መውጣት ብቻ አልበቃው ብሎ ሆዱን በረቀሰው፤ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋውን የጣርማ በር ዋሻ ሠራ፣ በሙሶሊኒ ስምም ጠራው።

በ1933 ዓ.ም. ወረራው አበቃ። ጣሊያኖቹ ግን ሁሉም አልሄዱም፤ የተወሰኑት ቀርተው በጋራዥና በጭነት መኪና ሥራ ኖሩ። በሥራቸው ያደጉት ኢትዮጵያውያን ረዳቶች ሙያውን ከነስሙ ወረሱት። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም መንገዱ ባለቤት አገኘ። ከዚያም ፊያት ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና እያቃሰተ አቀበቱን የሚወጣበት ዘመን መጣ። ስሙ የጣሊያን ነው፤ የዳገቱን ጠባይ ያጠኑት ግን የእኛ ሾፌሮችና ረዳቶች ናቸው።

ወደ ብርዱ ጥያቄ ልመለስ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። መኪናው በከባድ ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ ግን ራዲያተሩን የሚመታው ነፋስ ያንሳል። አየሩም ስስ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የውሃው ነገር ነው። በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ እዚህ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአብዛኛው መኪና ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ነው። በጤነኛ ሙቀትና በመፍላት መካከል የቀረችው ልዩነት ጥቂት ናት ማለት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚያጠራቅመው ግፊት ነው። ክዳኑን በሙቀቱ የከፈተ ሰው ግፊቱን ይለቀዋል፤ ውሃውም በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊቱ ላይ ይገነፍላል። በድሮዎቹ መኪኖች አብዛኛው ክዳን ግፊት አይዝም ነበርና ዳገት ላይ እየቆሙ ማብረድ የጉዞው አካል ነበር።

ሞተሩ ሲበርድ ጋሼ ረዳቱን ጠሩት። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። በመጀመሪያ ቺንጋው እንዳልተበጠሰና እንዳልላላ በጣቱ አስጫኑት። ቀጥሎ የራዲያተሩን የላይና የታች ቱቦ አስዳሰሱት። "ሞተሩ ግሎ የላዩ ካቃጠለህ፣ የታችኛው ከቀዘቀዘህ ውሃው አልዞረም ማለት ነው፤ ወይ ቴርሞስታቱ ተጣብቋል፣ ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል።" ከዚያ የዘይቱን መለኪያ አስወጡት። "ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ያን ጊዜ በጉዞ አትሞክረው።" የእኛ ዘይት ደህና ነበር። ጥፋቱ የታችኛው ቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ውሃ ማፍሰሱ ነው። ማሰሪያው ጠበቀ፣ ክዳኑ በጨርቅ ተይዞ ቀስ ተብሎ ተከፈተ፣ ሞተሩም ተነስቶ ከጀሪካኑ ውሃ ትንሽ በትንሽ ተጨመረለት።

"ቴርሞስታቱን አውጥተን ብንጥለውስ?" አለ ልጁ። በየጋራዡ የምንሰማው መፍትሔ ነው። ጋሼ ሳቁ። "ለቆላው ያመችህ ይመስልሃል። መንዝ ስትገባ ግን ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፤ ነዳጅህን ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል።"

ያን ቀን የገባኝ ነገር ይሄ ነው። ስለ ዋሻው የተጻፈ ታሪክ አለ፤ ስለ ባዶሊዮም እንዲሁ። ይህን ዳገት በየቀኑ የሚያሻግረን እውቀት ግን ያለው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች እጅ ላይ ነው፤ ከሾፌር ወደ ረዳት ኮፈን ሥር ይተላለፋል። እኛ ከተሜዎቹ ደግሞ "ሊመሽ ነው" እያልን ትምህርቱን እናቋርጣለን። የእኛን ጩኸት ሰምተው ቢሆን ኖሮ ወይ የጋሼ ፊት፣ ወይ ቴስታታው ይከፍል ነበር።

መሀል ሜዳ በጨለማ ገባን። ስንወርድ "ሊመሽብን ነው" ያለችው ሴት "ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለቻቸው። ረዳቱ እጁ ገና ጥቁር ነበር።