ሰዓሊና ገጣሚ ገብረክርስቶስ ደስታ፦ ሕይወቱና ሥራዎቹ

ገብረክርስቶስ ደስታ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሥነ ሥዕል መሠረት ከጣሉ ባለሙያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የብራና መጻሕፍትን የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሊቅ ስለነበሩ፣ ከቀለምና ከብሩሽ ጋር የተዋወቀው ገና በልጅነቱ ነው።

የጀመረውን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት አቋርጦ ፊቱን ወደ ሥዕል ያዞረው ገብረክርስቶስ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጀርመን ተጉዞ በኮሎኝ ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርቱን ተከታትሏል። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሥዕል ከመልክ ቅጂነት ከተላቀቀ ዐሥርት ዓመታት ተቆጥረው ነበር፤ ኩቢዝም ቅርጽን ሰባብሮ እንደገና ገጥሞት፣ ኤክስፕሬሽኒዝም ስሜትን በቀለም ኃይል ገልጾት ነበር። ገብረክርስቶስ በተለይ ከኤክስፕሬሽኒዝምና ከረቂቅ ሥዕል የቀሰመውን ዕውቀት ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ከዚያም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በመምህርነት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራው «ጎልጎታ» የተሰኘው ሥዕሉ ርእሱን ከስቅለት ታሪክ ቢወስድም፣ አቀራረቡ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የቆየ ሥርዓት የተለየ ነው። አረንጓዴ ቀለም የሰፈነበት የ1966 ረቂቅ ሥዕሉ ደግሞ የሰውም ሆነ የነገር መልክ ሳያሳይ በቀለምና በቅርጽ ብቻ ይናገራል።

ይህ አሠራር ክርክር አስነስቶ ነበር። አንዳንዶች ሥራዎቹ የኢትዮጵያዊነት መልክ ይጎድላቸዋል ሲሉ፣ እርሱ በበኩሉ ሥነ ጥበብ የዓለም ሕዝብ ሁሉ የጋራ ቋንቋ መሆኑን ያምን ነበር። ክርክሩ ባይቋጭም እ.ኤ.አ. በ1965 በሥነ ጥበብ ዘርፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሸላሚ ሆኗል።

የአገሩ ነገር ከልቡ እንዳልራቀ ግጥሞቹ ይመሰክራሉ። ከእነዚህም መካከል «አገሬ» የተሰኘው ግጥሙ በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁንና በደርግ ዘመን ከአገሩ ወጥቶ በስደት ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ የናፈቃትን አገር ዳግም ሳያይ ዐረፈ።

እርሱ ባይመለስም ሥዕሎቹ ተመልሰዋል። በጀርመን ተጠብቀው የቆዩ በርካታ ሥራዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘውና በስሙ በተሰየመው የገብረክርስቶስ ደስታ ማእከል የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ሙዚየሙ የሚገኘው በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ሥራዎቹን ለመመልከት የሚፈልጉ ዜጎች፣ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ከመሄዳቸው አስቀድሞ የጉብኝት ቀንና ሰዓት ከሙዚየሙ ቢያረጋግጡ ይመረጣል።